ዋንጫ በልተው ቤት የቀሩ ልጆች

(ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ወላጆችና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ? የቅዳሜ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ የሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ በቀጥታ እንደመጣችሁም አይቻለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ደወሉልኝ። ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል። «ልጄን ዲቪዥን ዋን ጠሩት!» አሉኝ። እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ግን እስቲ ንገረኝ፤ ዲቪዥን ዋን ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው በጣም ትክክል ነው። እኔ ለዓመታት የሠራሁት ኮሌጅ ውስጥ፣ ስፖርተኛ ተማሪዎችን በትምህርታቸው የሚያግዝ ቢሮ ውስጥ ነው። ከሠራሁባቸው ኮሌጆች አንዱ ከታችኛው ዲቪዥን ወደ ዲቪዥን ዋን ያደገ ነበር። ስሙን አልጠራም። እዚያ ያየሁት ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የመጣሁትም እሱን ልነግራችሁ ነው። ኮሌጅ ዲቪዥን ከፍ ሲል ሂሳቡን መጀመሪያ የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው። አብዛኞቹም ሲፈርሙ ይህን አያውቁም።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ «አትሌቲክስ» ስንል ሩጫ ማለታችን ነው። ኃይሌ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ ናቸው ፊታችን ላይ ድቅን የሚሉት። የአሜሪካ ኮሌጅ «አትሌቲክስ ዲፓርትመንት» ሲል ግን ስፖርቱን በሙሉ ነው። ቅርጫት ኳሱም፣ እግር ኳሱም፣ ዋናውም፣ የአሜሪካን ፉትቦሉም፣ አይስ ሆኪውም እዚያ ውስጥ ነው። እንደ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አስቡት። ኃላፊ አለው። በጀት አለው። አሰልጣኞች፣ ወጌሻዎች፣ ቲኬት ሻጮች፣ እንደ እኔ ያሉ የትምህርት አማካሪዎች አሉት። «ዲቪዥን ከፍ አለ» ሲባል አንድ ቡድን ብቻ አይደለም የሚያድገው። መሥሪያ ቤቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ነው የሚዛወረው።

የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር ወደ 1,100 የሚጠጉ ኮሌጆችን ያቀፈ ነው። ከ1973 ጀምሮ በሦስት ዲቪዥን ተከፍለዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ዲቪዥን ዋን ላይ ከ360 በላይ ኮሌጆች አሉ። በቴሌቪዥን የምታዩአቸው ትልልቆቹ እዚያ ናቸው። በቁጥር የሚበልጠው ግን ዲቪዥን ስሪ ነው፤ ከ400 በላይ ኮሌጆች አሉበት። እዚያ ልጅ ጎበዝ ስለተጫወተ ብቻ ስኮላርሺፕ አይሰጠውም። ክልክል ነው። በውጤቱ ወይም በቤተሰቡ ገቢ ምክንያት ግን እርዳታ ሊያገኝ ይችላል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ከእግር ኳስ ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ። አገራችን ውስጥ አንድ ክለብ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የሚያድገው በነጥብ ነው። አሸነፈ፣ አደገ። ተሸነፈ፣ ወረደ። ስለዚህ እዚህ መጥቼ «ይሄ ኮሌጅ ወደ ዲቪዥን ዋን አደገ» ሲሉኝ ስንት ነጥብ ሰብስቦ ነው ብዬ ጠይቄ ነበር። ለካ ነጥብ የሚባል ነገር የለበትም። ኮሌጁ ራሱ ወስኖ ያመለክታል። ላይ ካሉት ኮንፈረንሶች፣ ማለትም እርስ በርስ ከሚጫወቱ የኮሌጆች ስብስቦች፣ አንዱ ሊጋብዘው ይገባል፤ ጋባዥ ከሌለ በሩ አይከፈትም። ገንዘብም ይከፍላል። እዚያው ዲቪዥን ዋን ውስጥ በአሜሪካን ፉትቦል ከሁለተኛው እርከን ወደ አንደኛው መውጣት የፈለገ ኮሌጅ ድሮ የማመልከቻ 5,000 ዶላር ነበር የሚከፍለው። በ2023 ደንቡን ቀየሩና 5 ሚሊዮን ዶላር አደረጉት። አልተሳሳትኩም፤ ሚሊዮን ነው ያልኩት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ የጥበቃ፣ ማለትም የሽግግር፣ ዓመታት ይጀምራሉ።

ሩቅ ሳንሄድ የጎረቤታችንን እንይ። ሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰሚት አቬኑ ላይ ያለው፣ በ1885 የተመሠረተው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1920 የሚኒሶታ ኮሌጆች ማያክ የሚባለውን ኮንፈረንስ ሲያቋቁሙ ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነበር። መቶ ዓመት ያህል እዚያው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲጫወት ኖረ፤ ዲቪዥኑም ስሪ ነበር። ችግሩ ሌሎቹን እየጣለ ማደጉ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ከ6,000 በላይ ሆኑ። አብዛኞቹ ተጋጣሚዎቹ ግን 2,000 እና 3,000 ተማሪ ያላቸው ኮሌጆች ናቸው። በ2017 የሴንት ቶማስ ፉትቦል ቡድን ሴንት ኦላፍን የገጠመ ቀን ውጤቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? 97 ለ 0።

በዚያው ዓመት ከሴንት ጆንስ ጋር ያደረገውን ጨዋታ ደግሞ 37,355 ሰው ሚኒያፖሊስ መሐል ያለው የቤዝቦል ስታዲየም ገብቶ አይቶታል። በዲቪዥን ስሪ ታሪክ ያን ያህል ተመልካች ታይቶ አያውቅም ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የወጣው ለስፖርታቸው አንድ ሳንቲም የማይከፈላቸውን ልጆች ለማየት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ስሰማ ደስ ይለኛል። ዲቪዥን ስሪ ማለት «ዝቅተኛ» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ግንቦት 2019 ላይ ማያክ ሴንት ቶማስን አስወጣ። አጭበርብሮ አይደለም። ደንብ ጥሶም አይደለም። የተሰጠው ምክንያት የውድድር አቅም አልተመጣጠነም የሚል ነው። በቀላል አማርኛ፣ በጣም ስላሸነፋችሁ ሂዱልን ተባሉ። ብዙ ሰው በዚህ ተቆጥቷል። እኔ ግን ለሌሎቹ ኮሌጆችም አዝናለሁ። 97 ለ 0 የተሸነፉት ልጆች ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብተዋል። እነሱም የሰው ልጆች ናቸው።

ሴንት ቶማስ እስከ 2021 ድረስ እንዲቆይ ጊዜ ተሰጠው። ወዴት ይሂድ? በደንቡ መሠረት ከዲቪዥን ስሪ በቀጥታ ወደ ዋን መዝለል አይቻልም ነበር። መጀመሪያ ወደ ቱ፣ ከዚያ ወደ ዋን ነው። በዚያ መንገድ ቢሄድ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበት ነበር። በ2019 መጸው ሰሚት ሊግ የሚባለው ኮንፈረንስ ጋበዘው። ሐምሌ 2020 ላይ ኤንሲኤኤ ልዩ ፈቃድ ሰጠው። በ2021 ዲቪዥን ዋን ገባ። በዘመናዊው ደንብ ከስሪ ወደ ዋን በአንድ ዝላይ የወጣ የመጀመሪያው ኮሌጅ እሱ ነው።

ከዚያስ? ሰው የሚያወራው ስለ ስሙ ነው። እኔ ስለ አውቶቡሱ ላውራ። ማያክ ውስጥ ሳሉ የኮንፈረንሱ ጨዋታ ሁሉ እዚሁ ሚኒሶታ ነበር። ልጁ ኖርዝፊልድ ሄዶ ተጫውቶ ማታ አልጋው ላይ ይተኛል። ሰሚት ሊግ ሲገቡ ጉዞው ዴንቨር ሆነ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ተልሳ ሆነ፣ ሁለቱ ዳኮታዎች ሆኑ። ፉትቦሉ ደግሞ ፓየኒር ሊግ የሚባል ሌላ ኮንፈረንስ ገባ። አንዱ ተጋጣሚ ካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ነው፤ ሌላው ፍሎሪዳ።

ጉዞ ሲረዝም ተማሪው ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ዓርብና ቅዳሜ ይጫወታል። እሑድ ሌሊት ይገባል። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የኬሚስትሪ ላብ አለው። ኤርፖርት ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ የስልክ ቻርጀር ተጋርተው፣ ላፕቶፕ ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚያጠኑ ልጆች አሉ። ሆቴል ክፍል ውስጥ ፈተና ሲፈተኑ ረዳት አሰልጣኙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰዓት ይይዝላቸዋል። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም። ጎበዝ ልጅ ይወጣዋል። ግን እቤት ሆናችሁ «ለምን አትደውልም?» ስትሉት ምን ላይ እንደሆነ እወቁለት።

መሸነፍም አለ። ሲያሸንፉ የኖሩ ቡድኖች ላይ ሲወጡ ሽንፈትን እንደ አዲስ ይማሩታል። የሴንት ቶማስ የወንዶች ሆኪ ቡድን በመጀመሪያው ዓመት 36 ጨዋታ ተጫውቶ ያሸነፈው 3 ብቻ ነው። የወንዶች ቅርጫት ኳሱ 10 አሸንፎ 20 ተሸነፈ። ደግነቱ ተስፋ አልቆረጡም። ቅርጫት ኳሱ በአራተኛው ዓመት 24 ጨዋታ አሸንፎ ለኮንፈረንሱ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ባለጸጎቹ ባልና ሚስት ሊ እና ፔኒ አንደርሰን በ2023 ለአዲስ የስፖርት አዳራሽ 75 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። የሰፈሩ ነዋሪዎች በትራፊክና በመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከሩ፤ አዳራሹ ግን በ2025 መጸው ተከፈተ። እዚህ ድረስ ጥሩ ታሪክ ነው። እኔም ጥሩ ታሪክ ነው እላለሁ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ።

በ2022 የሴንት ቶማስ ፉትቦል ቡድን በፓየኒር ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን በላ። ላይ በወጣ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው። የሊጉ አሸናፊ ወደ አገር አቀፍ ጥሎ ማለፍ ያልፋል። ሴንት ቶማስ ግን አላለፈም። ለምን? ገና በሽግግር ላይ ስለሆነ። አዲስ የወጣ ኮሌጅ የጥበቃ ዓመታቱን እስኪጨርስ ድረስ በአገር አቀፉ ሻምፒዮና አይሳተፍም። ከዲቪዥን ቱ ለመጣ አራት ዓመት ነበር፤ ከስሪ ለመጣው ሴንት ቶማስ አምስት።

የባሰውን ልንገራችሁ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሜሪማክ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። በ2019 ከዲቪዥን ቱ ወደ ዋን ወጣ። መጋቢት 2023፣ በአራተኛውና በመጨረሻው የጥበቃ ዓመት፣ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑ ለኮንፈረንሱ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ከኒው ጀርዚ የመጣው ፌርሊ ዲኪንሰን ነው። ሜሪማክ 67 ለ 66 አሸነፈ። በአንድ ነጥብ። ዋንጫውን በሉ።

ወደ ትልቁ የመጋቢት ውድድር፣ ወደ አገር አቀፉ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና፣ የሄደው ግን ተሸናፊው ነው። ሜሪማክ በሽግግር ላይ ስለሆነ ዕድሉ ለፌርሊ ዲኪንሰን ተሰጠ። ፍጻሜው ከመጀመሩ በፊትም ሁለቱም ቡድኖች ይህን ያውቁ ነበር። እስቲ አስቡት። አንዱ ብታሸንፍም አትሄድም፣ ሌላው ብትሸነፍም ትሄዳለህ ተብለው ነው ኳሱ የተወረወረላቸው። እነዚያ ልጆች ግን ተጫወቱ፤ አሸነፉም።

ፌርሊ ዲኪንሰን ሄዶ ምን አደረገ? የማጣሪያውን ጨዋታ አሸንፎ ፐርዱን ገጠመ። ፐርዱ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን ነው፤ 2 ሜትር ከ24 የሚረዝም መሐል ተጫዋች ነበረው። ፌርሊ ዲኪንሰን ደግሞ ከዲቪዥን ዋን ቡድኖች ሁሉ በቁመት አጭሩ ነበር። 63 ለ 58 አሸነፉ። በወንዶቹ ውድድር ታሪክ 16ኛ፣ ማለትም የመጨረሻውን ደረጃ የተሰጠው ቡድን አንደኛውን ሲጥል ሁለተኛው ጊዜ ነው። አሜሪካ በሙሉ ጉድ አለ። ያን ሌሊት እኔም እንደ ሁሉም ሰው ጮኼ ነበር። ቆይቶ ነው ሜሪማክ ትዝ ያለኝ። ፌርሊ ዲኪንሰንን ከአሥር ቀን በፊት ያሸነፉት ልጆች የት ሆነው ይሆን ይህን የሚያዩት?

በቀጣዩ ዓመት ሜሪማክ የጥበቃ ጊዜውን ጨረሰ። እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። በራሱ ሜዳ ተጫወተ። በዋግነር 54 ለ 47 ተሸነፈ። የተፈቀደለት ዓመት አልቀናውም፤ የቀናው ዓመት አልተፈቀደለትም።

ይህ የሜሪማክ ብቻ ዕጣ አይደለም። በ2022 ኬንተኪ ውስጥ ቤላርሚን የሚባለው ኮሌጅ እንዲሁ የኮንፈረንሱን ዋንጫ በልቶ ቤቱ ቀርቷል።

አሁን ስሙን ወዳልጠራሁት ኮሌጅ ልመለስ። አንድ ልጅ ነበር። ወላጆቹ የአገራችን ሰዎች ናቸው። አባቱ ታክሲ ይነዳሉ፤ እናቱ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ። ልጁ አማካይ ነው። ኳስ እግሩ ላይ ስትገባ አንገቱን ቀና አድርጎ ሜዳውን በሙሉ የሚያይ ዓይነት ልጅ። ኮሌጁን ሊጎበኙ ሲመጡ ቢሮዬ ገብተው ተቀምጠዋል። እኔ በአማርኛ ሁሉንም ነገር አስረዳኋቸው። ስለ አስጠኚዎቹ፣ ስለ ላይብረሪው፣ ስለ ምግቡ። አባትየው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አደራ» አሉኝ።

ያ ዓመት የኮሌጁ የመጀመሪያው የሽግግር ዓመት ነበር። ጥበቃው አራት ዓመት ነው። የልጁም ትምህርት አራት ዓመት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አላስቀመጥናቸውም። እሳቸው አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

በመጨረሻው ዓመት ቡድኑ ጥሩ ነበር። የምር ጥሩ። ኮንፈረንሱን ከላይ ሆነው ጨረሱ። በማግሥቱ ሌሎቹ ቡድኖች ለቀጣዩ ውድድር ሲዘጋጁ የኛዎቹ የሎከር ቁልፋቸውን መለሱ። ልጁ ያን ቀን ጠዋት የስታቲስቲክስ ፈተና ስለነበረው ቢሮዬ መጣ። ታኬታውን በፌስታል አንጠልጥሎ ነበር። ሳሩ ገና አልደረቀበትም። ወንበሩ ሥር አስቀመጠውና «ስፈርም ነግረውኝ ነበር እንዴ?» አለኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። ተጽፏል። አንድ መስመር ነው፤ ከታች፣ በደቃቁ። ነግረውህ ነበር ማለት አልቻልኩም። አልነገሩህም ማለትም አልቻልኩም። ፈተናውን ተፈተነ። ሲወጣ ፌስታሉን ረስቶት ሄደ፤ ሮጬ ደረጃው ላይ ሰጠሁት።

የአባቱ «አደራ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በሌላ ምክንያት አይደለም።

ደንቡ ያለ ምክንያት የወጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኮሌጆች ለስም ብለው ዘለው እንዳይገቡ፣ በቂ አማካሪ፣ በቂ ሐኪም፣ በቂ በጀት ሳይኖራቸው ተማሪ እንዳይሰበስቡ ነው። ልክ ነው። ግን ኮሌጁን መፈተን ከሆነ ሐሳቡ ኮሌጁን ፈትኑት። ከማኅበሩ የሚያገኘውን ገንዘብ አዘግዩበት። ሪፖርት በየወሩ አስመጡት። የ20 ዓመት ልጅ ሜዳ ላይ ያገኘውን ዕድል ለምን ትወስዱበታላችሁ? ልጁ ስለ ሽግግሩ ድምፅ አልሰጠም። ማመልከቻውን አልጻፈም። አራት ዓመት ብቻ ነው ያለው፤ ዞሮ አይመጣም።

ጥሩ ዜናም አለ። ጥር 2025 ላይ ኤንሲኤኤ ደንቡን ቀነሰው። ከቱ ለሚመጣ አራቱ ሦስት ሆነ፤ ከስሪ ለሚመጣ አምስቱ አራት። ሴንት ቶማስም በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት ቀድሞ በ2025 ሙሉ አባል ሆነ። ለእኔ ሦስትም ብዙ ነው። ግን አንድ ዓመት ማለት አንድ ሙሉ ባች ልጆች ማለት ነው፤ እሱ ቀላል አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የወጣ ሁሉ እዚያ አይቆይም። ሃርትፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2021 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጋቢቱ ውድድር አለፈ። ከሁለት ወር በኋላ ቦርዱ ወደ ዲቪዥን ስሪ እንውረድ ብሎ ወሰነ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ያለው ሴንት ፍራንሲስ ደግሞ በ2025 ከ1991 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈ። በአላባማ ስቴት 70 ለ 68 ተሸነፈ። ሳምንት ሲሆነው እሱም ወደ ስሪ እንደሚወርድ አስታወቀ። ስኮላርሺፕ አለ ተብለው የገቡ ልጆች ኮሌጁ ስኮላርሺፕ ወደማይሰጥበት ዲቪዥን እየሄደ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የኮሌጁን ዋንጫ ብቻ ሳይሆን ኪሱንም እዩ።

ስለ ስኮላርሺፕ እመለሳለሁ ብያችሁ ነበር። ብዙ ወላጅ «ዲቪዥን ዋን» ሲባል «በነጻ» ብሎ ነው የሚሰማው። አይደለም። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግ ዲቪዥን ዋን ነው፤ በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። የሴንት ቶማስ ፉትቦል የሚጫወትበት ፓየኒር ሊግም እንዲሁ ነው። የሚሰጡትም ቢሆኑ ለሁሉም ሙሉ አይሰጡም። እኛን በጣም የሚመለከተውን ሩጫን ውሰዱ። ለረጅም ጊዜ አንድ የዲቪዥን ዋን ኮሌጅ ለወንዶች ትራክና አገር አቋራጭ በአንድ ላይ መስጠት የሚችለው ቢበዛ 12.6 ስኮላርሺፕ ነበር። ቡድኑ ግን 30 እና 40 ልጅ ነው። አሰልጣኙ እንደ ድፎ ዳቦ ይቆርሰዋል። ለአንዱ ግማሽ፣ ለአንዱ ሩብ፣ ለአንዱ የመጽሐፍ ብቻ። ለሌላው ምንም።

በ2025 ክረምት ይህም ተቀየረ። ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮሌጅ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ኮሌጆች አብዛኛውን የመደቡት ለፉትቦልና ለቅርጫት ኳስ ነው። የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡ በስምምነቱ ለገቡ ኮሌጆች ተነሣ፤ በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ተገደበ። አገር አቋራጭ 17 ልጅ ብቻ ሆነ። ድሮ 20ኛ እና 25ኛ ሆኖ ቡድን ውስጥ ገብቶ በሁለት ዓመት የሚያብብ የኛ ልጅ ነበር። አሁን ለእሱ ቦታ ጠቧል።

ስለዚህ በቃል የተነገራችሁን ስኮላርሺፕ አትቁጠሩ። ላም አለኝ በሰማይ ነው። በወረቀት ይምጣ። ስንት ፐርሰንት ነው? ለስንት ዓመት ነው? ልጄ ቢጎዳስ ይቀጥላል? አሰልጣኙ ቢቀየርስ? ኮሌጁ በሽግግር ላይ ነው ወይ? ከሆነ መቼ ያበቃል፣ ልጄ ያኔ ስንተኛ ዓመት ይሆናል? አፍራችሁ አትለፉት። አሰልጣኙ አይቀየማችሁም፤ ከተቀየማችሁም መልሱን ነግሯችኋል።

ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ስሙኝ። ዲቪዥን ዋን ለመጫወት ከሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶች ያስፈልጋሉ። አማካይ ውጤታችሁ በእነዚያ ኮርሶች ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመራችሁ በፊት ማለቅ አለባቸው። 12ኛ ክፍል ላይ መጥቶ «አሁን ላስተካክል» ያለኝ ልጅ ብዙ ነው። አይስተካከልም። በቅርብ ከአገር ቤት የመጣችሁ ካላችሁ፣ የምትወስዱት የእንግሊዝኛ ኮርስ ከ16ቱ ይቆጠር እንደሆነ ሰኞ ዕለት አማካሪያችሁን ጠይቁ። ሰኞ ዕለት። ነገ ዛሬ አትበሉ።

የደወሉልኝ እናት ልጅ ምን ሆነ? እቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ልጁ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ አሰልጣኙ ጋ ደወልን። ኮሌጁ በሽግግር ላይ ነው። አንድ ዓመት ይቀረዋል። እናትየው በእንግሊዝኛ ራሳቸው ጠየቁ፣ «የመጀመሪያው ዓመት ቢያሸንፍ አይሄድም ማለት ነው?» አሰልጣኙ ትንሽ ዝም አለ። «አዎ እማማ፣ አይሄድም» አለ። «ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ይሄዳል።» እናትየው ልጃቸውን አዩት። ልጁ «አንድ ዓመት እችለዋለሁ» አለ። የስኮላርሺፑን ፐርሰንት በኢሜይል ላከልን፤ ማታውኑ ደረሰ። ከሦስት ቀን በኋላ ፈረመ።

እኔ እዚሁ ነኝ። ሻይና አምባሻ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ አለ። ከኮሌጅ የመጣ ደብዳቤ ወይም ኢሜይል የያዛችሁ ወደዚህ ኑ፤ መነጽሬን ይዣለሁ፣ ደቃቁን ጽሑፍ አብረን እናነበዋለን።